«ካንሰር አይደለም» ከተባለ በኋላ፦ የሚጥል በሽታ የሚያመጡ የአንጎል ዕጢዎችን ማወዳደሪያ

ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ለአንጎል ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ የሄደ ቤተሰብ ሲመለስ አንድ ወረቀት ይዞ ይመጣል። የፓቶሎጂ ውጤት ነው፤ ማለትም ከአንጎሉ የተወሰደው ቁራጭ (ቲሹ) በማይክሮስኮፕ ተመርምሮ የተጻፈ ነው። ብዙ ጊዜ ከላብራቶሪ ተቀብሎ ለሐኪሙ የሚያደርሰው ወንድም ወይም አጎት ነው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቃላቱም ረጃጅም ናቸው። ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም» የሚለውን ነው። «አይደለም» ከተባለ ሁሉም እፎይ ይላል፤ ወረቀቱም ፋይል ውስጥ ይቀመጣል።

የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ግን ነገሩ እዚያ አያበቃም። ካንሰር አይደሉም የሚባሉት ዕጢዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። አንዱ በሙሉ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይመጣም። ሌላው ለዓመታት ክትትል ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ ደህና መስሎ ቢታይም ሲመረመር ሌላ ሆኖ ይገኛል። ሥራዬ ከማይክሮስኮፕ ጋር ስለሆነ እነዚህን ልዩነቶች በቀላል አማርኛ ማስቀመጥ ፈለግሁ። በየመንገዱ የሚመጡትን ምርጫዎችም አብሬ አነሳለሁ።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። በሁለት መድኃኒት መጣሉ ካልቆመና ኤምአርአይ ላይ እንዲህ ያለ ዕጢ ከታየ፣ ሦስተኛና አራተኛ ክኒን እየቀያየሩ ዓመታት ከማሳለፍ ስለ ቀዶ ሕክምና ቶሎ መነጋገር ይሻላል።

መድኃኒቱ እምቢ ብሏል ወይስ በአግባቡ አልተወሰደም?

ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መለኪያ ግልጽ ነው። ለሕመሙ የሚስማሙ ሁለት መድኃኒቶች፣ በበቂ መጠን፣ ሳይቆራረጡ ተወስደው መጣሉ ካልቆመ በሽታው መድኃኒት እምቢ ብሏል ይባላል። ለምን ሁለት? ግላስጎው ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት አለ። መድኃኒት ጀምረው ከማያውቁ ታማሚዎች 47 በመቶዎቹ በመጀመሪያው መድኃኒት፣ 13 በመቶዎቹ በሁለተኛው መጣሉ ቆሞላቸዋል። በሦስተኛው ወይም መድኃኒት በመደራረብ የቆመላቸው ግን 4 በመቶ ብቻ ናቸው። ሁለቱ ካልሠሩ ሦስተኛው የሚሠራበት ዕድል ጠባብ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ግን በሐቀኝነት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ። ሁለቱ መድኃኒቶች በእርግጥ በአግባቡ ተወስደዋል? ፌኖባርቢታል ከፋርማሲ ጠፍቶ ያለ መድኃኒት የሚሰነብት አለ። በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም የጠዋቱን ክኒን የሚዘል አለ። ጸበል ሲገባ ክኒኑን ጭራሽ የሚተውም አለ። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ክኒኑ ግን አይቋረጥ። ፌኖባርቢታልን በአንድ ጊዜ ማቆም ራሱ ከባድ መጣል ያመጣል። ይህ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ በቀን አንዴ፣ ማታ መውሰድ ይቻላል። ካርባማዜፒን በቀን ከአንዴ በላይ የሚወሰድ ስለሆነ ጾም ሳይገባ በፊት ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ያስፈልጋል። ልትወልድ በምትችልበት ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ደግሞ ቫልፕሮኤት ከታዘዘላት ስለ ጽንሱ ጉዳት መጠየቅ አለባት። ይህ መድኃኒት በጽንስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በደንብ የታወቀ ነው።

ሲቲ ስካን ወይስ ኤምአርአይ?

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ምርጫው ኤምአርአይ ነው። ሲቲ ስካን ደምን፣ ትልቅ እብጠትንና የጠጠረ ካልሲየምን በደንብ ያሳያል። የምናወራላቸው ዕጢዎች ግን ትንንሽ ናቸው፤ አጠገባቸው ያለውን አንጎል ላይገፉትም ይችላሉ። «ሲቲው ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል በሽታው መድኃኒት እምቢ ላለ ሰው በቂ መልስ አይደለም። ኤምአርአይ ሲታዘዝም ለሚጥል በሽታ ተብሎ በስስ ቁራጭ እንዲነሳ ማሳሰብ ይጠቅማል።

ለመጠርጠር የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ሕመሙ የጀመረው በልጅነት ወይም በጉርምስና ነው። ልጁ ከመውደቁ በፊት «ከሆዴ ወደ ላይ የሚወጣ ነገር አለ» ይላል፤ ሌላው የማይሸተው ሽታ ይሸተዋል። አንዳንዴ ጭራሽ አይወድቅም። ፈዝዞ ይቀራል፣ ከንፈሩን ያላምጣል፣ ልብሱን ይነካካል። ይህ ከጆሮ በላይ ካለው፣ ቴምፖራል ከሚባለው የአንጎል ክፍል የሚነሳ መጣል ነው። እነዚህ ዕጢዎችም በብዛት የሚገኙት እዚያው ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በእኛ አገር ስካን ላይ የታየ ነጭ ነጥብ ሁሉ ዕጢ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ አንጎል ውስጥ ቋጠሮ ይሠራል። የአሳማ ኮሶ እጭም አንጎል ውስጥ ከረጢት ሠርቶ መጣል ያመጣል። ይህኛው የሚይዘው በትሉ እንቁላል በተበከለ ምግብና ውኃ ነው፤ አሳማ የማይበላ ሰውም ሊይዘው ይችላል። ጥሬ የበሬ ሥጋ የሚያመጣው የተለመደው ኮሶ ግን ወደ አንጎል አይወጣም። በዚህ የሚጨነቁ ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ነው ያነሳሁት።

ሁለቱ ዋነኞች፦ ጋንግሊዮግሊዮማ እና ዲኔት

ከ12 የአውሮፓ አገሮች፣ በሚጥል በሽታ ምክንያት አንጎላቸው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 9,523 ሰዎች ቲሹ ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። 23.6 በመቶው ዕጢ ነበር። ከዕጢዎቹ ቀዳሚው ጋንግሊዮግሊዮማ ነው፤ ዲኔት ይከተላል። የዲኔት ሙሉ ስም ዲስኤምብሪዮፕላስቲክ ኒውሮኤፒተልያል ቲሞር ነው። ስሙ ያስፈራል፤ ዕጢው ግን ከሁሉም የዋሁ ነው። ሁለቱም በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ደረጃ 1፣ ማለትም ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ናቸው።

ጋንግሊዮግሊዮማ ከሁለት ዓይነት ሴል የተሠራ ነው። አንዱ የነርቭ ሴል ነው፤ ሌላው ግሊያ የሚባለው ደጋፊ ሴል ነው። ጤነኛ የአንጎል ቅርፊት ውስጥ የነርቭ ሴሎች በንብርብር ተደርድረው ወደ አንድ አቅጣጫ ይቆማሉ። እዚህ ግን ሥርዓቱ ይጠፋል። ሴሎቹ ተጠጋግተው ይከማቻሉ፣ መጠናቸው ይለያያል፣ አንዳንዱ በአንድ ሴል ውስጥ ሁለት ኒውክሊየስ ይዞ ይታያል። በመካከላቸው ደማቅ ሮዝ ቀለም የሚይዙ ጥቃቅን ፍርፋሪ ኳሶች አሉ። እነዚህ ኳሶች ዕጢው ቀስ ብሎ፣ በዓመታት ያደገ መሆኑን ይጠቁማሉ። በደም ሥሮቹ ዙሪያ ሊምፎሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይከማቻሉ። ካልሲየም የጠጠረበት ቦታም የተለመደ ነው። ኤምአርአይ ላይ ብዙ ጊዜ ውኃ የቋጠረ ከረጢትና ከግድግዳው ላይ የተለጠፈ ትንሽ እብጠት ሆኖ ይታያል።

ወረቀቱ ላይ ሲዲ 34 የሚል ካያችሁ ልብ በሉ። ይህ ልዩ የቀለም ምርመራ ነው። በበሰለ ጤነኛ አንጎል ውስጥ ቀለሙን የሚይዙት የደም ሥሮች ብቻ ናቸው። በአብዛኛው ጋንግሊዮግሊዮማ ውስጥ ግን ቅርንጫፍ ያወጡ ሴሎችም ቡናማ ሆነው ይወጣሉ። ወሳኙ ነገር የሚታየው ከዋናው ዕጢ ራቅ ብሎ ነው። ጤነኛ በሚመስለው ቅርፊት ውስጥ ትንንሽ ቡናማ ክምችቶች ተበትነው ይገኛሉ። ዓይንም ኤምአርአይም ላያያቸው ይችላል። ዕጢው ወጥቶ መጣሉ የሚቀጥልበት አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለ ትርፍራፊ ሊሆን ይችላል።

ዲኔት እ.ኤ.አ. በ1988 በፈረንሳይዋ ፓቶሎጂስት ካትሪን ዶማ ዱፖርና በባልደረቦቿ ተለይቶ የተገለጸ ዕጢ ነው። አሠራሩ ከጋንግሊዮግሊዮማ በጣም ይለያል። ከአንጎል ቅርፊት ጋር ቀጥ ብለው የቆሙ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ዓምድ ይሠራሉ። በክሮቹ ላይ ክብ፣ ትንንሽ፣ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ሴሎች ይሰለፋሉ። በዓምዶቹ መካከል ልጋግ የመሰለ ፈሳሽ ይሞላል። በፈሳሹ ውስጥ ጤነኛ መልክ ያለው የነርቭ ሴል ብቻውን ተንሳፎ ይታያል። ፓቶሎጂስቶችም «ተንሳፋፊ ነርቭ ሴል» ነው የሚሉት። ኤምአርአይ ላይ ቅርፊቱ ውስጥ እንደ ሳሙና አረፋ የተጠጋጉ ፊኛዎች ሆኖ ይታያል። ዙሪያው አያብጥም። ከራስ ቅሉ አጠገብ ከሆነ አጥንቱን ከውስጥ በኩል ቀስ ብሎ ሊቦረቡረው ይችላል፤ ይህም ለረጅም ዘመን እዚያው እንደቆየ ይመሰክራል።

በዘረመል በኩልም ይለያያሉ። ጋንግሊዮግሊዮማ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ብራፍ ቪ600ኢ የሚባለው ለውጥ ነው። ዲኔት ውስጥ ደግሞ ኤፍጂኤፍአር 1 የሚባል ጂን ላይ ያለ ለውጥ ነው። የብራፉ ነገር መጣሉ ከየት እንደሚነሳም ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአይጥ ጥናት ለውጡ የነርቭ ሴሎች ውስጥ ሲሆን መጣል እንደሚያመጣ፣ ግሊያ ውስጥ ሲሆን ደግሞ የዕጢውን እድገት እንደሚገፋ አሳይቷል። ስለዚህ መጣሉን የሚያመጣው ዕጢው መጫኑ ብቻ አይደለም። እዚያ ያሉት የነርቭ ሴሎች ራሳቸው የታወኩ ናቸው። ክኒኑ ብቻውን የሚሸነፍበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል።

ለቤተሰብ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ዲኔት በሙሉ ከወጣ የመመለስ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ወደ ክፉ መለወጡም እጅግ ብርቅ ነው። ጋንግሊዮግሊዮማም ደህና ነው። ግን አልፎ አልፎ የሚመለስ፣ ከስንት አንዴም የሚከፋ ስለሆነ የክትትል ኤምአርአዩን መዝለል አይገባም።

የሚመሳሰሉ ግን የሚለያዩ

ሁለተኛ ዓይን ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ዲኔትን በጣም የሚመስለው ኦሊጎደንድሮግሊዮማ ነው። ክብ ሴሎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ይህኛው ግን ደረጃ 2 ወይም 3 ነው፤ ወደ ጤነኛው አንጎል ሰርጎ ይገባል፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። የሚለያቸው አይዲኤች የሚባለው ጂን ለውጥና የክሮሞዞም 1ፒ እና 19ኪው መጉደል ነው። ኦሊጎደንድሮግሊዮማ ሁለቱም ለውጦች አሉት፤ ዲኔት የለውም። አዋቂ ሰው ላይ «ኦሊጎደንድሮግሊዮማ ሊሆን ይችላል» የሚል ወረቀት ከመጣ አይዲኤች ሳይታይ ውሳኔ ላይ አትድረሱ።

ፕሌዮሞርፊክ ዛንቶአስትሮሳይቶማ ደግሞ ጋንግሊዮግሊዮማን ይመስላል። የአንጎሉ ውጫዊ ገጽ አጠገብ ይቀመጣል፣ ሮዝ ኳሶቹም አሉት፣ ብራፉም ይገኝበታል። ሴሎቹ ግን መልካቸው ይዘበራረቃል፣ አንዳንዱ ስብ ይቋጥራል። ደረጃው ከ2 ይጀምራል። «ካንሰር አይደለም» ከሚሉት መደብ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚወጣ ስለሆነ ክትትሉ ጠበቅ ይላል።

የቀሩትን ባጭሩ። አንጂዮሴንትሪክ ግሊዮማ ቀጫጭን ሴሎቹን በደም ሥር ዙሪያ የሚደረድር ደረጃ 1 ዕጢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ውስጥ የገባው ፒኤልኤንቲዋይ የሚባለው ዕጢ ካልሲየም የበዛበት፣ ሲዲ 34ን በኃይል የሚይዝ፣ በወጣቶች ላይ የሚታይ ነው። እሱም ደረጃ 1 ነው። ሁለቱም በሙሉ ከወጡ ተስፋቸው ጥሩ ነው።

ቁንጥር ናሙና ወይስ ሙሉ በሙሉ ማውጣት?

ብዙ ቤተሰብ «መጀመሪያ ትንሽ ቆንጥረው ይዩትና ከዚያ እንወስናለን» ይላል። ያስተዋለ ሰው ምርጫ ይመስላል። ለእነዚህ ዕጢዎች ግን አልመክረውም። ጋንግሊዮግሊዮማ በሁለት ዓይነት ሴል የሚታወቅ ከሆነ፣ አንዱ ብቻ በቁንጥሩ ውስጥ ሲመጣ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ዲኔት በዓምዱ የሚታወቅ ከሆነ፣ ዓምዱ ያልመጣበት ቁራጭ ኦሊጎደንድሮግሊዮማ መስሎ ይነበባል። በተሳሳተ ስም ደግሞ የማያስፈልግ ጨረር ሊታዘዝ ይችላል። በዚያ ላይ ቁንጥር መጣሉን አያቆምም።

በሙሉ ሲወጣ ግን ከ10 ታማሚዎች 7 ወይም 8 የሚሆኑት መጣሉ ይቆምላቸዋል። በከፊል ከወጣ ዕድሉ በግልጽ ይቀንሳል። ሕመሙ ብዙ ዓመት ሳይቆይ የተሠራለት ሰውም የተሻለ ውጤት ያገኛል። ቁንጥር የሚመረጥበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። ዕጢው ንግግርን ወይም የእጅ እግር እንቅስቃሴን በሚያዝዘው ቦታ መካከል ከሆነ፣ ወይም ምስሉ ነቀርሳና ክፉ ዕጢ ካስጠረጠረ፣ ሐኪሙ ቁንጥርን ቢመርጥ ምክንያት አለው።

ሌላው ምርጫ ዕጢውን ብቻ ማውጣት ወይስ ከዙሪያው ጭምር የሚለው ነው። የተበተኑትን የሲዲ 34 ክምችቶች አስታውሱ። ከዕጢው ጎን ያለው ቅርፊት ራሱ አደራደሩ የተዛባ ሊሆን ይችላል። ዕጢው ሂፖካምፐስ ለሚባለው የአንጎል ክፍል ቅርብ ከሆነ እሱም በመጣሉ ውስጥ እጁን ሊያስገባ ይችላል። ሰፋ አድርጎ ማውጣት መጣሉን የማቆም ዕድል ይጨምራል። ሂፖካምፐስ ግን የማስታወስ ችሎታ መቀመጫ ነው፤ በተለይ ንግግር በሚመራው፣ በአብዛኛው ሰው ላይ በግራ በኩል ባለው አንጎል ሲሆን፣ ጤነኛውን መንካት ዋጋ ያስከፍላል። ተማሪ ልጅ ከሆነ ይህን ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ፊት ለፊት ተነጋገሩበት። ከኦፕራሲዮን በፊት የማስታወስ ፈተናና ኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) መደረጉን ጠይቁ።

መጠበቅም ምርጫ ነው የሚል ሰው አለ። ዕጢው አይገድልም ብሎ ነው። መጣሉ ግን ይገድላል። ምድጃ ላይ የወደቀች እናት፣ ውኃ ሊቀዳ ሄዶ የቀረ ልጅ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ እያለ የሚጥለው ወጣት፣ ሁሉም ዕጢያቸው «ደህና» ሊሆን ይችላል። ተኝቶ ሳለ በድንገት የሚሞትም አለ። እስከ ቀጠሮው ድረስ የቤት ሰው ማወቅ ያለበት ቀላል ነው። ሲጥለው በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት። ክብሪት ጭሮ ማሽተት አያቆመውም። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ነው።

ጠርሙሱና የሰም ብሎኩ

ናሙና ይዞ ወደ ላብራቶሪ የሚሄደው ቤተሰብ ከሆነ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ነገር ምን ያህል ውድ እንደሆነ እወቁ። ጠርሙሱ አፈ ሰፊ መሆን አለበት። ቲሹው እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ፈሳሽ፣ ፎርማሊኑ፣ ከቲሹው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። በደረቅ የቁስል ጨርቅ (ጎዝ) ተጠቅልሎ ወይም በውኃ ብቻ ተነክሮ የመጣ ቲሹ ቅርጹ ይበላሻል፤ ያ ዓምድ፣ ያ ተንሳፋፊ ሴል ድጋሚ አይገኝም። ክዳኑን አጥብቁ። ስም፣ ቀንና የተወሰደበት ቦታ ከክዳኑ ላይ ሳይሆን ከጠርሙሱ ገላ ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ይቀያየራል። የኤምአርአዩን ሪፖርትም አያይዙ። ፓቶሎጂስቱ ምስሉን ሳያይ የሚሰጠው ስም ግማሽ መረጃ ላይ የቆመ ነው። ቀዶ ሐኪሙንም ዕጢው ሳይፈረካከስ በአንድ ቁራጭ ሊወጣ ይችል እንደሆነ ጠይቁት፤ ሁልጊዜ አይቻልም፣ ሲቻል ግን ለምርመራው ትልቅ እገዛ ነው።

ቲሹው ላብራቶሪ ሲደርስ በሰም ውስጥ ይቀበራል። ይህ ብሎክ ለዓመታት ይቀመጣል። ዛሬ እዚህ ያልተሠራ ሲዲ 34፣ አይዲኤች ወይም ብራፍ ነገ ከዚሁ ብሎክ ሊሠራ ይችላል፤ ሌላ ኦፕራሲዮን አያስፈልግም። ስለዚህ የብሎኩን ቁጥር ጻፉ። ወደ ሌላ ላብራቶሪ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ሰም ነውና ይቀልጣል። ብራፍ በተለይ በሙሉ ሊወጣ ላልቻለ ዕጢ ትርጉም አለው። ዳብራፌኒብና ትራሜቲኒብ የተባሉት መድኃኒቶች ይህ ለውጥ ላለባቸው ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸው የልጆች ግሊዮማዎች (ከግሊያ ሴል ዓይነት የሆኑ ዕጢዎች) እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል።

ከወጣ በኋላ

ደረጃ 1 ሆኖ በሙሉ ለወጣ ዕጢ ጨረርም ኬሞቴራፒም በተለምዶ አያስፈልግም። ከታዘዘላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ፤ ስላይዱንም (ቲሹው የተለጠፈበትን መስታወት) ለሌላ ፓቶሎጂስት አሳዩ። ይህን መጠየቅ ሐኪሙን መድፈር አይደለም። በከፊል ለወጣ፣ ወይም ደረጃ 2 ለተባለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የአንጎል ዕጢ ሐኪሞች ተሰብስበው ይወስኑበታል።

ክኒኑ በማግስቱ አይቆምም። መጣሉ ቆሞ ከቆየ በኋላ ሐኪሙ በኤምአርአይና በኢኢጂ እያየ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል፤ አንዳንዱ ሰው አንድ ክኒን ይዞ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ክትትል ኤምአርአይ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት ወራት የሚነሳው ነው፤ የቀረ ዕጢ መኖር አለመኖሩን የሚነግረው እሱ ነው። የሚቀጥሉትን ክትትሎች ደሴ ማድረግ ይቻል እንደሆነ አዲስ አበባ ሳላችሁ ተነጋገሩ። የኦፕራሲዮን ማጠቃለያውን፣ የፓቶሎጂ ወረቀቱንና የኤምአርአዩን ሲዲ ኮፒ አድርጋችሁ አንዱን ለደሴ ሐኪማችሁ ስጡ፤ ዋናው እናንተው ጋ ይቆይ።